የሥጋ ቤቱ ልጅ ምሳ

ጌድዮን ሌላ ሴት ይዞባት ቢሆን ኖሮ ዮሐና እንዲያ ክው አትልም ነበር። የሴት ነገር የታወቀ ነው፤ ይለቀስበታል፣ ጓደኛ ይሰበሰብበታል፣ ውሎ አድሮ ይረሳል። እሷ ግን በፋሲካ ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ያየችው ነገር ለማን ተነግሮ ማን ያምናል?

ዮሐና ጭሮ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ባለ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ፊት ለፊቷ፣ ባጃጆቹ ከሚሰለፉበት ማዶ፣ የጋሽ እንዳሻው ሥጋ ቤት አለ። የእንዳሻው ልጅ ጌድዮን እዚያ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሥጋ ይቆርጣል፤ እሷም እዚህ ነጭ ጋዋን ለብሳ መድኃኒት ትሸጣለች። አንድ ቀን የተቆረጠ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ምነው፣ ቢላዋ መያዝ አልተማርክም እንዴ?» አለችው ቁስሉን እያጠበች።

«መያዙንስ ተምሬያለሁ» አለ። «ዓይኔ ወደዚህ ሲያይ ጣቴን ረሳው።»

ዮሐና ቀና ብላ አላየችውም። ግን ለአንድ ጣት ከሚበቃው በላይ ፋሻ ጠቀለለችበት። ጣቱ ከዳነ በኋላም «እስቲ እዪልኝ» እያለ መምጣቱን አልተወም፤ እሷም ድኗል አላለችውም።

እንዲህ የተጀመረው ፍቅር አንድ የማይገባት ነገር ነበረው። ጌድዮን በጾም ወራት አብሯት ሽሮ ሲበላ ሳህኑን ይጠርጋል፤ ጾም ሲፈታ ግን ምሳ እንብላ ባለችው ቁጥር መልሱ «አሁን በላሁ» ነው። ጭማቂ ቤት ይወስዳታል፣ አቮካዶውን በማንኪያ እያማሰለ እሷን ያያታል፣ በቃ። እናቷ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይህን ሲሰሙ «ጨዋ ልጅ ነው፣ ሆዳም አይደለም» ብለው ወደዱት።

አባቷ አቶ ኃይሉ የወደዱት በሌላ ምክንያት ነው። ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ያሳለፉ፣ ከአዋሽ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶ ድሬዳዋ ቁርጥ ያልበሉበት ከተማ የሌለ ሰው ናቸው። ልጅዎን የሥጋ ቤት ልጅ ሊያገባት ነው ሲባሉ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። የጌድዮን ሽማግሌዎች ከዐቢይ ጾም በፊት መጥተው ሲለምኑ እንዲህ ብለው መለሱላቸው።

«ለዳግማይ ትንሣኤ አባትና ልጅ ቤቴ ይምጡ። ቁርጥ እንበላለን። ልጁን እኔው አጎርሰዋለሁ፤ ከእጄ የጎረሰ ልጄ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ስቀው መርቀው ወጡ። የሥጋ ቤት ልጅ ሥጋ ጉረስ መባሉ ለእነሱ ፈተና ሳይሆን ግብዣ ነበር። ዮሐናም ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ፋሲካ አልፎ ቀኑ ሲቃረብ ግን የሥራ ባልደረባዋ ነስሪን አንድ ነገር ሹክ አለቻት።

«ወላሂ ዮሐና፣ አልነግርሽም ብዬ ነበር። ያንቺ ሰው ሰሞኑን ምሳ ሰዓት ላይ አዴ ዑሙልኸይር ቤት በጓሮ በር ይገባል። እዚያ ደግሞ ሳብሪና አለች።»

ሳብሪና የወይዘሮ ዑሙልኸይር ልጅ ናት፤ ቁንጅናዋን የማያወራ በጭሮ የለም። እናቷ እዚህ ሊያስተምሩ ለመጡ ህንዶች ለብዙ ዓመት ምግብ ሲያበስሉ ኖረው፣ እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ድስቱንም ሙያውንም ወርሰው ምግብ ቤት ከፍተዋል። በሩ ላይ «የህንድ ምግብ፤ ሥጋ የለም» ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያ ከተማው ሳቀባቸው። ሥጋ የለም ብሎ ማስታወቂያ የሚሰቅል ምግብ ቤት ማን አይቶ ያውቃል? እያደር ግን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ «የማን እርድ ነው?» ሳይባባሉ አንድ ገበታ ላይ የሚቀርቡበት ቤት ሆነ።

ረቡዕ ዕለት ዮሐና ጋዋኗን አውልቃ ወጣች። መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቀውም፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሲሰድባት ብቻ ትዝ ይላታል።

ምግብ ቤቱ ስትገባ ሳብሪና ከባንኮኒው ኋላ ብቻዋን ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ዮሐና ግራ ገባት። ጌድዮን አይታይም፤ የውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ግን ወርዷል። ሳብሪና እዚህ ከሆነች ከመጋረጃው ጀርባ ከእሱ ጋር ያለችው ማን ናት?

«ኮቱ ያ ኢንተላ! ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ» አሉ ወይዘሮ ዑሙልኸይር መንገዷን ዘግተው። «እዚያ ሞልቷል።»

«በማን ነው የሞላው?» አለችና መጋረጃውን ገለጠችው።

ሴት የለም። ጌድዮን ብቻውን ነበር። ከፊቱ ሰፊ ትሪ፣ ትሪው ላይ እርድ ገብቶበት ቢጫ የሆነ ምስር፣ ቆስጣ በአይብ፣ እርጎ፣ ትኩስ ስስ ቂጣ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል። ዮሐና ከወደደችው ጀምሮ እንዲያ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም።

ዓይኑን ገልጦ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዮሐና... ቆይ ላስረዳሽ።»

«ምኑን ነው የምታስረዳኝ? ምስር እየበላህ ነው!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ምስር ነው እንዴ የደበቅከኝ?»

«የደበቅኩሽ ሥጋውን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥጋ አልበላም። በልቼም አላውቅም።»

ዮሐና ያገኘችው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ከዚህ ሁሉ ሳብሪና አቅፋው ብታገኛት ምን አለበት? ለዚያስ የምትለውን ከቤቷ ጀምራ ስትለማመድ ነው የመጣችው።

«ታመህ ነው? ስለት አለብህ?»

«ምንም የለብኝም። አይወርድልኝም፣ በቃ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምክንያት ስፈልግለት ኖርኩ፤ የለውም። ለሰው ፋሲካ ሲሆን የኔ ሕማማት ያን ቀን ይጀምራል።»

«ቤት ሲቀርብልህስ?»

«ውሻው አለ።»

ዮሐና አፏን በእጇ ያዘች። የጋሽ እንዳሻው ውሻ ውፍረቱ የከተማ ወሬ ነው፤ በር ላይ ተዘርግቶ ይውላል፣ ለመነሳት እንኳ ሰው መርዳት አለበት ይባላል።

«አባትህ አያውቁም?»

«ቢያውቅ ምን ይውጠዋል? አስቢው እስቲ። ልጁ የገዛ ቤቱን ሥጋ አይበላም ከተባለ፣ ሰው 'ምን ቢያውቅበት ነው?' ነው የሚለው። በሳምንቱ ሥጋ ቤታችን ይዘጋል። አባዬ ሌላ ምን ሥራ ያውቃል?»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። ጌድዮን ቂጣውን ቆረሰ፣ ምስሩን ጠቀለለበትና ዘረጋላት።

«ምሳ እንብላ ስትይኝ ኖረሻል» አለ። «ይኸው እንብላ።»

ጎረሰች። ከሙኑና ዝንጅብሉ ምላሷን ፈጀው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዝንጅብሉ ይሁን ከሌላ ራሷም አላወቀችም። ተያዩ።

«እሁድስ?» አለች በመጨረሻ።

«እሁድ እጎርሳለሁ። ላንቺ ስል እውጠዋለሁ።»

እሁድ የዮሐና ቤት ከጠዋት ጀምሮ ሽር ጉድ ሲል አረፈደ። ጋሽ እንዳሻው ከምርጥ ሰንጋ የወጣ ሽንጥና ዳቢት ራሳቸው ይዘው መጡ። ዮሐና ጌድዮንን በር ላይ ተቀብላ ማስመለስ የሚከለክል ኪኒን በእጁ አስጨበጠችው። እሱም ዞር ብሎ ዋጠው።

«ይህን ያወጣው እሱ ነው» አሉ ጋሽ እንዳሻው ሥጋውን እያሳዩ። «ቢላዋ አያያዙን አይተህልኛል ኃይሉ?»

አቶ ኃይሉ ከሽንጡ ቆረጡ፣ አዋዜ አስነኩት፣ በእንጀራ ጠቅልለው አነሱ። «በል ልጄ» አሉ።

ጌድዮን አፉን ከፈተ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ዓይኑን ዮሐና ላይ ተክሎ አልነቅል አለ። እሷም አየችው። ዛሬ ይህን ከዋጠ ነገ ለቅልቅል፣ ከዚያ ለመልስ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለክርስትናው፣ በዚህ ቤት ገበታ ላይ ዕድሜ ልኩን ሲውጥ ሊኖር ነው። ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«አባዬ ተው! ሥጋ አይበላም!»

የአቶ ኃይሉ እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«ማነው የማይበላው?» አሉ ጋሽ እንዳሻው፣ የሰሙት ሳይገባቸው።

«እኔ ነኝ አባዬ» አለ ጌድዮን። «በልቼ አላውቅም። ዛሬም ኪኒን ውጬ ነው የመጣሁት።»

«ቤት የምሰጥህስ?»

«ውሻው...»

«ያ ውሻ!» ጋሽ እንዳሻው ራሳቸውን ያዙ። «ታሞ አብጦብኝ ነው ብዬ እኮ ሐኪም አምጥቼለታለሁ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ያን ቀን የሳቀ የለም። አቶ ኃይሉ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ወደ ጓሮ ወጡ። ጋሽ እንዳሻውም ልጃቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

«ምነው ልጄ ዝም ብትይ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል እያለቀሱ። «አንዲት ጉርሻ እኮ ነበረች።»

ወሬው ሰኞ ጠዋት ከባጃጆቹ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ጌድዮን የፈራው ደረሰ። ዮሐና በፋርማሲው መስኮት ስታይ የእንዳሻው ሥጋ ቤት በር ላይ ሰልፍ የለም። የተሰቀለው ሥጋ እንደተሰቀለ ዋለ፤ ጌድዮን ቢላዋውን ይዞ ቆመ፣ ወደ እሷ ግን አንዴም ቀና አላለም። ይህን ያመጣሁበት እኔ ነኝ የሚለው ሐሳብ አንገበገባት። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። አባቷ ቤት ውስጥ አያናግሯትም፤ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞራሉ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ነስሪን ከመስኮቱ ጠራቻት። «ኮቱ! ዮሐና ነይ፣ እዚያ ያሉት አባትሽ አይደሉም?»

አባቷ ናቸው። ከሥጋ ቤቱ ወንበር አስወጥተው፣ ደጃፉ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የጥሬ ሥጋ ሳህን አለ፤ ቢላዋ ይዘው ይቆርጣሉ፣ ይጎርሳሉ። ሰዉ ቆሞ ያያል።

«ምን ታያላችሁ?» አሉ አቶ ኃይሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ልጁ አይወድም። የሱን ድርሻ ልበላለት ነው የመጣሁት!»

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የድሮ ወዳጃቸው፣ ከት ብሎ ሳቀና ግማሽ ኪሎ አዘዘ። ከኋላው ሌላ ሰው ቆመ። ጋሽ እንዳሻው በድንጋጤ ሚዛኑ ላይ ሥጋ መጫን ረስተው ያዩዋቸዋል። አቶ ኃይሉ እጃቸውን ታጥበው ተነሱና ወደ ጌድዮን ዞሩ።

«አንተ ና። አሁን ደግሞ ያንተን ቤት አሳየኝ።»

ዮሐና ጋዋኗን ሳታወልቅ ተከተለቻቸው፤ የከባድ መኪናው ሹፌርና ወሬ ያጓጓቸው ሌሎች ሹፌሮችም ከኋላ መጡ። አንድም ቀን ከሥጋ ቤት ሌላ ምግብ ቤት ረግጠው የማያውቁት አባቷ ወይዘሮ ዑሙልኸይር ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሳይሆን መሀል አዳራሹ ላይ ተቀመጡ። ምስሩ ቀረበ። ቀመሱት። አሳላቸው፤ ላባቸውን ጠረጉ።

«ይሄን ነው?»

«አዎ ጋሼ» አለ ጌድዮን።

«ሥጋ ቢገባበት ጥሩ ነበር» አሉ። ቂጣውን ቆረሱ፣ በማያውቁበት እጅ ምስሩን ጠቀለሉበት፤ ግማሹ ፈሰሰ፣ እንደገና ጠቀለሉት። «እሁድ እጄ ላይ የቀረች አለች» አሉና አነሱት።

ጌድዮን አፉን ከፈተ። ላብ የለም፣ ጭንቅ የለም። ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ።

አቶ ኃይሉ ወደ ቤቱ ሁሉ ዞሩ፤ ወደ ሹፌሮቹ፣ ወደ ሳብሪና፣ በር ላይ ወደቆመችው ልጃቸው።

«አያችሁ አይደል? ከእጄ ጎርሷል።»

ወይዘሮ ዑሙልኸይር እልልታቸውን አቀለጡት። ዮሐና በሩን ተደግፋ በጋዋኗ እጅጌ እንባዋን ጠረገች።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?» አሏት አባቷ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ። «ይልቅ ያንን ኪኒንሽን ለኔ አምጪልኝ። ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር እንጃ።»