ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር

ቴሌቪዥኑ ለሳሎኑ አልሆነም፤ ጥፋቱም የገዛችው የፋርማሲስቷ ነበር።

ሻጩ «ሶፋችሁ ከስክሪኑ ስንት ሜትር ይርቃል?» ብሎ ሲጠይቃት ቸኩላ ነበር።

«ሦስት። ግዢ ነው ወይስ ፈተና?»

ሦስት ሜትሩ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። ሶፋው የሚይዘውን ቦታ ረስታዋለች። ሰባ አምስት ኢንቹ ሲሰቀል፣ ጡረታ የወጡት ሾፌር አባቷ አንገታቸውን ግራና ቀኝ ሲያዞሩ ዋሉ።

«ልጄ፣ የበረኛውን የአፍንጫ ቀዳዳ አይቻለሁ። ኳሷን ግን አላየኋትም!»

በማግስቱ ሻጩ ተጠርቶ መጣ። ከአባቷ ዓይን እስከ ግድግዳው ለካ። ሁለት ሜትር።

«ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ ለክቶ፣ የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ ርቆ መቀመጥ ነው። ለዚህ ቤት ሃምሳ ኢንች ይበቃል» አለና ጋዜጣ በልኩ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። «አባባ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱ።»

አባቷ ጋዜጣውን ትንሽ አዩና «ጎል!» ብለው ጮኹ። ሳትፈልግ ሳቀች።

ቴሌቪዥኑ ተቀየረ። ሻጩ ግን እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረ፤ አባቷ ኳስ አብሯቸው የሚያይ ሰው አግኝተው አልለቅም ብለዋል። ሶፋው ላይ ቦታ እያለ፣ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

አንድ እሁድ ኩሽና ውስጥ ሆና «ይሄ ሰውዬ ቤት የለውም እንዴ?» አለች። ለቀልድ ነበር። እሱ ግን ሰማት። በሚቀጥለው እሁድ ቀረ። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀረ።

«ምላስሽ!» አሉ አባቷ። «ኳሱን ጨው አሳጣሽው።»

እሁዱ ለእሷም ጨው አጥቶባት ነበር።

በሦስተኛው እሁድ የጫማዋን ክር ልታስር ያቺ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል ስክሪኑ የለም! ከዚያ ጥግ የሚታየው ጠርዙ ብቻ ነው፤ እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ። ፊት ለፊት ያለው የሶፋው ቀኝ ጫፍ ነው... የእሷ ቦታ።

«አባዬ፣ ከዚህ እኮ ምንም አይታይም!»

«አሁን ነው የገባሽ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከኳሱ ሳይነቅሉ።

ሰኞ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ሱቁ ሄደች። ሻጩ ብቻውን መብራት እያጠፋ ነበር።

«ደግሞ ይቀየርልኝ ሊሉ ነው?» አለ ቀዝቀዝ ብሎ።

«ኳሱን አንድም ቀን አላየኸውም፣ አይደል?»

«ስንት ለስንት እንዳለቀ ብጠየቅ አልመልስም» አለ።

«ያን ቀን ያልኩት...»

«ቤትማ አለኝ። ያቺ ወንበር የለችበትም እንጂ።»

ሜትሩን ከጠረጴዛው አንስታ አንዱን ጫፍ አስያዘችውና ሌላውን ወደ ራሷ ሳበች።

«ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከሃያ።»

«ይርቃል።» ቀረበች። «አሁንስ?»

«አሁን... ቁጥሩ አይታየኝም።»

«እንግዲያው ልክ ነው። እሁድ ሶፋው ላይ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ ጎን።»

«እስከ እሁድ ልጠብቅ?»

«ማን ጠብቅ አለህ? ጃኬትህን ልበስ!»

ቀድማው ወጣች። እሱም ጃኬቱን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ ተከተላት።

«ሜትሩን ረሳሁት...»

«ተወው!»

ሳቀና በሩን ዘጋው።