ወባ አይደለም

ስንሻውን ከሰሊጥ አጨዳው በሎሪ አምጥተው የሱዳኗ ዶካ ከተማ ሕክምና ቤት ሲያወርዱት፣ እየሩስ የፉል ድስቷን እሳት ላይ ጥላ ሮጠች። ላቡ ይንቆረቆራል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ እግሮቹ ሳያዛቸው ይፈራገጣሉ። ዓይኑ እሷ ላይ አርፎ እንኳ አላወቃትም። እመቤቴ ድረሽ! እያለች አለቀሰች።

«ወባ ናት» አለ ደሴ፣ የአገሩ ልጅና የአጨዳ ባልንጀራው። «መርፌውን ይወጋና ይነሳል፤ ምን ያስለቅስሻል?»

ወባማ ቢሆን ማን ይፈራ ነበር! በመኸር ወባ ያልያዘው አጫጅ የት አለና። እየሩስን ያስፈራት እሷና ስንሻው ብቻ የሚያውቁት ነገር ነው። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ምግብም ሰውም ጠልቶ ስለነበር፣ ገዳሪፍ ያለ ሐኪም የድባቴ መድኃኒት አዞለታል። መጀመሪያ ሰሞን ሲያቅለሸልሸው፣ ሐኪሙ እንዳለው፣ እህል ሳታቀምሰው አታስውጠውም ነበር። ሳይጠይቀው ሌላ መድኃኒት እንዳይደርብበትም አስጠንቅቆታል። ማቅለሽለሹ ለቀቀው፤ ሳቁም ተመለሰ። በዚያ ሳቅ ነው ልቧን የወሰደው።

«ለሰው እንዳትነግሪብኝ» ብሎ አስምሏታል። «እብድ ነው ከተባልኩ አባትሽ ይሰጡኛል?» ለሽምግልና ሊልክ ያሰበውም ይኸንኑ ደሴን ነበር።

«ደሴ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ምን ዋጠ?»

«ምን ይውጣል? ወገቤን ሲል ትራማዶል አካፈልኩት። አልለቀው ሲል ደገመው። ሁላችንም የምንውጠው ነው!»

አጫጆቹ ውሃ እንደሚካፈሉ ሁሉ የሕመም ማስታገሻም ይካፈላሉ፤ እምቢ ያለ ምን ሆነህ ነው ይባላል። አይ ስንሻው! ያችን ጥያቄ ፈርቶ ዋጠ።

ሐኪሟ ሂያም ገብታ «ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ስትል በዐረብኛ ጠየቀች።

«ምንም የለም» አለ ደሴ።

እየሩስ በሩ ላይ የተኮለኮሉትን አጫጆች አየች። ብትናገር ታጣዋለች፤ ዝም ብትል ትቀብረዋለች።

«ወባ አይደለም!» ብላ ጮኸች፤ በአማርኛም በዐረብኛም። «የድባቴ መድኃኒት ይወስዳል! በዚያ ላይ ትራማዶል ዋጠ!»

ሂያም ነርሷን ጠራች። «ሁለቱ አብረው አይወሰዱም፤ ሰው ይገድላሉ!»

«እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ ደሴ ራሱን ያዘ።

ግሉኮስ ሰቀሉለት፤ መርፌ ወጉት፤ ገላውን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዙት። እየሩስ ግንባሩን እየጠረገች እግዜርን ትለማመጣለች።

በማግስቱ ስሟን ጠራት። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ያን መድኃኒት ሁለተኛ እንዳላየው! ጣይው።»

«ለጊዜው ሐኪሟ አስቁማዋለች። መቼ እንደምትጀምረው እሷ ትነግርሃለች፤ ከጀመርክ ወዲያም በራስህ አትተውም። እሷን ሳንጠይቅ የራስ ምታት ኪኒን እንኳ አፍህ አይገባም።»

«አባትሽስ?»

«ይስሙ! አንተን ከምቀብር አባቴን ባስቀይም ይሻለኛል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በቃ ጠላኝ ብላ ልትወጣ ብድግ ስትል፣ ፊቱን ሳይመልስ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ቀሚሷን ጨበጠ።

«ፈርቻለሁ» አለ። «አትሂጂ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችና ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።