ያልታረመው ፈተና

«አሥራ ሰባት ባዶ ነው» አለች ፀደይ።

ሳባ ከላፕቶፑ ቀና ሳትል፣ «አቋረጠ ብለሽ ጻፊ» አለቻት።

ፀደይ «አቋረጠ» ብላ ጻፈች። ቁጥር አሥራ ሰባት ጉታ ነው። ከምዕራብ ዓባያ ገጠር መጥቶ፣ ሲቀላ ሰፈር ከሁለት ያገሩ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ የሚማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ከፀደይ ኋላ ነበር። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ሴቻ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታቸው ለክልሉ የሳይንስ ውድድር የሚልከውን የሥነ ልቦና ሙከራ ነድፈዋል። ሐሳቡ የሳባ ነው፤ ሳባ ጭንቅላት አላት፣ ማንም አይክዳትም። አርባ ልጆች «የአእምሮ ብቃት መለኪያ» የሚል ፈተና ተፈተኑ። ፈተናውን ግን ማንም አላረመውም። በዕጣ ብቻ ሃያው «ከፍተኛ»፣ ሃያው «ዝቅተኛ» የሚል ወረቀት ደረሳቸው። በሳምንቱ ደግሞ ሒሳብ ተፈተኑ። «ዝቅተኛ ነህ» የተባለ ልጅ የሚያውቀውን ሁሉ ይሳሳት እንደሆነ ለማየት ነው። ዕጣውን ያወጣችው ፀደይ ናት። ወረቀቱንም አጥፋ በየእጃቸው ያስጨበጠችው እሷው ናት።

ዝቅተኛ የተባሉት ተሳሳቱ፤ ያውም አሳምረው። የክፍሉ አንደኛ ኢሳያስ እንኳ «ዝቅተኛ» ደርሶት ከአሥር አራት አመጣ። ሳባ ግራፉን ስታይ ከወንበሯ ዘለለች። ፀደይም አብራት ልትደሰት ሞከረች። ደስታም ሐዘንም አጣች። ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ውስጧ ደንዝዞ ነበር።

እውነቱ መቼ ይነገራቸው? ዕቅዱ «ሙከራው እንዳለቀ» ይላል። ሳባ ግን ሌላውን ክፍል ልትጨምር ፈለገች፤ ወሬው ካመለጠ ማንም አይታለልላትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ እውነቱን መንገሩ ወር ቆይቶ፣ ከውድድሩ በኋላ እንዲሆን ተደረገ።

ትናንት ፀደይ የሳይንስ ክበቡን ኃላፊ መምህር ኃይለመስቀልን አናግራቸው ነበር። ጉታ መልቀቂያ ጠይቆ አገሩ ሊገባ ነው ሲባል መስማቷን ነገረቻቸው። መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በደንብ ሰሟት። ከዚያ ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አወጡ። «በዚህ ሙከራ ለመሳተፍ በፈቃዴ ተስማምቻለሁ» ይላል፤ ከሥሩ አርባ ስም፣ አርባ ፊርማ። ጉታም ፈርሟል አሏት፣ በጣታቸው እያሳዩ።

ፀደይ ያ ወረቀት የዞረ ቀን ክፍል ውስጥ ነበረች። በዚህ አገር ወረቀት ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ሲዞር ማን ያነባል? ስብሰባም ይሁን ሥልጠና፣ ሰው ስሙን ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ሁሉም የስም መቆጣጠሪያ መስሏቸው ነው የፈረሙት። አንዱማ ለቀረ ጓደኛው ጭምር ፈርሞለታል። ፀደይ ይህን ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አመስግናቸው ወጣች።

አሁን ግን «አቋረጠ» የሚለውን ቃል ደጋግማ አየችው።

«ልነግረው ነው» አለች።

«አታካብጂ እንግዲህ። አንድ ወር ናት። ሲነገራቸው ራሳቸው ይስቃሉ።»

«ከወር በኋላ እሱ የለም።»

ሳባ ላፕቶፑን ገፋ አደረገችው። ድምፅዋን አላነሳችም። «ከነገርሽው እኔና አንቺ አበቃን» አለች።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ፀደይ ይህን ስትሰማ ማልቀስ እንደነበረባት ታውቃለች። አላለቀሰችም። የሃያዎቹ «ዝቅተኞች» የመጀመሪያው ፈተና የመልስ ወረቀት ያለበትን ክላሰር ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች፤ ሚኒባስ ይዛም ወደ ሲቀላ ወረደች።

ጉታ በሩን ከፍቶ የቀረውን የበቆሎ ዱቄት ለጓደኞቹ ባልዲ ውስጥ ይገለብጥ ነበር። የደረቀውን ሀለኮ፣ ማለትም የሽፈራው ቅጠል፣ ደግሞ በፌስታል ቋጥሮ መስኮቱ ላይ ትቶላቸዋል። ስንቁን የሚያድል ተማሪ ተመልሶ አይመጣም፤ ይህን ከገጠር መጥቶ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ነገ ጠዋት ሙዝ አራግፎ በሚመለስ አይሱዙ እንደሚሄድ ነገራት፤ አባቱም የሙዙ ማሳ ሰው ይፈልጋል ብለዋል።

ፀደይ ቆማ ሁሉንም ነገረችው። ዕጣውን፣ ውሸቱን፣ ለምን እንደተዋሸ። ስትናገር ድምፅዋ የዜና አንባቢ ይመስል ነበር።

እሱ እስክትጨርስ ጠበቃት። «አዝነሽልኝ ነው» አለ።

«አይደለም።»

«ነው እንጂ።» ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ዘረጋት። «ዝቅተኛ» ይላል፤ ከጎኑ የክበቡ ማኅተም አለ። «ማኅተም አለው እኮ ፀደይ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል? ደግሞ እኔ ድሮም ራሴን እጠረጥር ነበር። ይሄ አረጋገጠልኝ።»

ያኔ ነው ፀደይ ከስንት ቀን በኋላ አንድ ስሜት የተሰማት። ኀፍረት ነበር፤ ጆሮዋን አቃጠላት። ያንን ማኅተም ለማስመታት መምህሩ ቢሮ የሄደችውም እሷ ናት። ሳባ፣ ማኅተም ከሌለው ማን ያምነናል ብላ ነበር።

ክላሰሩን ከፈተችና የጉታን የመልስ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። አራት ገጽ ነው፤ ጥግ ጥጉን በእርሳስ አስልቶበታል። አንድ በአንድ ገለጠው። ትክክል የሚል ምልክት የለም፣ ኤክስም የለም። ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ቀይ አልነካውም» አለ።

«አልነካውም። ማንም አላነበበውም።»

ጉታ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣም፣ አልሳቀም፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጉልበቱ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሳባ ይስቃሉ ያለችው ይህን ጊዜ ነበር።

«ለአባቴ ነግሬያቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «አልችልም፣ ጭንቅላቴ አይቀበልም ብዬ። አይዞህ አሉኝ። እሳቸውም አመኑኝ።»

ፀደይ ፊቱ ቁጢጥ አለች። ይቅርታ አለችው፤ ቃሉ እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ በጣም ትንሽ ሆነባት። እሱም ምንም አይደል አላላትም። መልቀቂያውን ገና እንዳልወሰደና ለአባቱ እንደሚደውል ብቻ ነገራት።

ልትወጣ ስትል ጠራት።

«ሌሎቹስ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

ፀደይ በክላሰሩ ውስጥ የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ወረቀቶች በአውራ ጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገቻቸው። ከላይ ያለው የወርቂቱ ነው፤ የወርቂቱ ቤት ከዚያ ሁለት መንደር ዝቅ ብሎ ነው።

የወርቂቱ በር ጋ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ሳባ ናት፤ የት ነሽ አለቻት።

«ሲቀላ። ነገርኩት። አሁን ወርቂቱ በር ላይ ነኝ። ነይ ከፈለግሽ፣ አብረን እንንገራቸው።»

ሳባ ስልኩን አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማል። ፀደይም አልዘጋችውም፤ ስልኩን እንደያዘች በሌላው እጇ የቆርቆሮውን በር አንኳኳች።