ባለቤቱ እኔ ነኝ

መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። እሱ የፀጉር ቤታችንን ደረጃ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወጣል። እኔ ደግሞ የመታጠቢያው ቧንቧ ስለተደፈነ ውሃውን በሳፋ ሞልቼ ልደፋ እወጣለሁ። ውሃው አንድም ጠብታ ሳይቀር ጀርባው ላይ አረፈ።

«ውይ፣ ይቅርታ! አላየሁህም...»

ዞር እንኳን አላለም። «ይቅርታሽን ዞሬ እንዳልቀበል፣ እጄን ከለቀቅኩ ቲቸር ይወድቃሉ» አለ።

የሚጎትተውን ዊልቸር ያየሁት ያኔ ነው። ፀጉራቸው የተንጨባረረ ሽበታም እናት ተቀምጠውበት ከላይ እስከ ታች ይገረምሙኛል።

«ልጄ፣ ለመታጠብ የመጣሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «እሱ ከቤቱ ታጥቦ ነው የወጣው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። ቤተሰቦቼ «ጅምር» ይሉኛል። የሒሳብ ትምህርት ጀምሬ ተውኩ። ስፌት ጀምሬ ተውኩ። አንድ ሰሞን ኬክ መጋገር ጀምሬ፣ ከእኔ ቀድሞ ምድጃው ተወኝ። እማዬ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃት «አሁን ምን ላይ እንዳለች ከራሷ ስሙ» ትላለች። ፀጉር ቤት ስገባም ይኸኛውን መቼ እንደምተወው ነበር የሚጠብቁት። እውነቱን ለመናገር እኔም እጠብቅ ነበር።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላት፣ ዊልቸሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አንገታቸው መታጠቢያው ጋ አይደርስም። ሌላ ቦታ ብትሞክሩ ይሻላል።»

«ሌላ ቦታ ሞክረናል» አለ፣ ከሸሚዙ ውሃ እየተንጠባጠበ።

ቲቸር የዊልቸሩን ክንድ ጨበጥ አድርገው ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የሚያማምሩ የፀጉር ፎቶዎች ያያሉ። አንጀቴን በሉት። ሳላስበው አፌ ቀደመኝ።

«እኔ አጥባቸዋለሁ።»

እንዴት እንደማጥባቸው አላውቅም ነበር። እሱ ጭንቅላታቸውን በመዳፉ ደገፈልኝ፣ እኔ በጆግ ለብ ያለ ውሃ አፈሰስኩ። ግማሹ በአንገታቸው ገብቶ ወረደ። ቲቸር ሳቁ። አድርቄ፣ አበጥሬ፣ መስታወት ስሰጣቸው ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከመውደቄ በፊት እኔ ቤት ነበረች።»

ፎጣ ላጥፍ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሱም ፊቱን ሲያዞር ተያየን።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን መጦሪያው እሄዳለሁ። ዊልቸር ነው የምጠግነው። ቲቸርን ያመጣኋቸው ከዚያ ነው፤ እንደ እሳቸው ያሉ ብዙ ናቸው። ትመጫለሽ?»

«እኔ እኮ ገና ተለማማጅ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጀርባዬ ምስክር ነው» አለና ሳቀ።

ሄድኩ። እትዬ ቅዳሜ ጠዋትን የፈቀደችልኝ እያጉረመረመች ነው። እሱ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ጠርዙን በአንገት ልክ ቆርጦ፣ በስፖንጅ ለብጦ፣ ከሥሩ የውሃ ጎማ ገጥሞ ጠበቀኝ። ከዊልቸሩ ጀርባ ሲያያዝ አንገት ጋደም ይልበታል፣ ውሃውም በጎማው ወደ ባልዲ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ የማንም አንገት አልራሰም።

እኔ ሳጥብ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጎማ ይቀይራል፣ ፍሬን ያጠብቃል። እየሠራን እንበሻሸቃለን።

«እጅሽ እየለመደ ነው» ይለኛል።

«የአንተስ መቼ ነው የሚለምደው? የቲቸርን ዊልቸር ባለፈውም ፈትተኸዋል።»

«ድምፅ ያሰማል።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«ጆሮሽ ሻምፖ ገብቶበት ነው።»

ነርሶቹ «ዝምተኛዋ» የሚሏቸው አንዲት እናት ነበሩ። ከታመሙ ወዲህ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። አንድ ቅዳሜ ለብ ያለው ውሃ ግንባራቸውን ሲነካ ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ ከሩቅ በሚመጣ ድምፅ «እሰይ...» አሉ።

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እኔ ማጠቤን፣ ምን እንደምሠራ ሁሉ ረሳሁት፤ እጄ ግን ሥራውን አላቆመም። የዚያን ቀን ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው ይህ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ግን ሆድ ስንቱን ይፈጃል? አንድ ቀን ሳፋው ትንሽ ተሰነጠቀ። ፕላስተር ቢለጠፍበት ይበቃው ነበር። እኔ ግን ምክንያት አገኘሁ ብዬ፣ ከንፈሬን ቀባ ቀባ አድርጌ፣ ሳፋዬን አቅፌ የሚሠራበት ዊልቸር መጠገኛ ሱቅ ሄድኩ። እንደምወደው ልነግረው ነው። መንገዱን ሙሉ ለሳፋው ስነግረው ነበር የሄድኩት።

ሱቁ ውስጥ እሱ የለም። እሱ ዘወትር የሚለብሰውን ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ቆንጆ ሴት የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች።

«ምን ልታዘዝ?»

«እሱ... የለም?»

«ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ለእኔ ንገሪኝ።»

ክው አልኩ። ባለቤቱ! ሚስቱ ቱታውን ለብሳ ፊቴ ቁጭ ብላለች፤ እኔ ከንፈሬን ተቀብቼ ቆሜያለሁ።

«ምንም አይደል... ሳፋው ተሰንጥቆ ነው» አልኩና ሳፋውን ጥዬላት ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ አላለቀስኩም። ከደረስኩ በኋላ ግን እማዬ ጎረቤት ልትጠራ ምንም አልቀራትም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አልሄድኩም። በሚቀጥለውም አልሄድኩም። እሱ ሲደውል ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። እትዬ ደስ አላት። እማዬ ግን በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፀጉር ቤት ስወጣ አየችኝና «ይኼም ቀረ?» አለች። ክፋት አልነበረውም። የለመደችውን ነው የጠየቀችው።

ቀኑን ሙሉ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ለተቀመጡ ደንበኞች ፈገግ እያልኩ ዋልኩ። እጄ ይሠራል፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም። ሊመሽ ሲል ስልኬ ጮኸ። የመጦሪያው ቁጥር ነው።

«ልጄ፣ አመመሽ?» ቲቸር ናቸው።

«ኧረ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ዕድሜዬን የፈጀሁት የቤት ሥራ ያልሠሩ ልጆች የሚያቀርቡትን ምክንያት ስሰማ ነው። ከእሱ ጋር ተጣላችሁ?»

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ የደንበኛዬን ፀጉር መጠቅለል ቀጠልኩ።

«እሺ፣ ተጣሉ። የእኔ ጭንቅላት ምን አጠፋ?»

«ቲቸር...»

«እኔስ ምላስ አለኝ፣ ደውዬ እነዘንዝሻለሁ። ዝምተኛዋስ? ቅዳሜ ሲሆን ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ያደርጉና በር በሩን ያያሉ። ሲመሽ ፎጣውን የምታነሳላቸው ነርሷ ናት።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሰው ፀጉር በእጄ እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። እሳቸው በር በሩን የሚያዩት ዊልቸር ጠጋኝ ፈልገው አይደለም። እኔን ነው። በሕይወቴ ማንም ሰው ፎጣ ይዞ ጠብቆኝ አያውቅም። እሱን ለማየት ብዬ ጀምሬው ይሆናል፤ ዝምተኛዋን «እሰይ» ያሰኘው ግን የእኔ እጅ ነው። ይህን ሥራ እችለዋለሁ። ማንም ሳይነግረኝ፣ ራሴ አወቅኩት።

ወደ እትዬ ሄድኩ። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እንደ በፊቱ ቅዳሜ ጠዋት አልገባም።»

«ቅዳሜ ካልገባሽ ሰኞም አትግቢ።»

«እንግዲያው ሰኞም አልገባም፣ እትዬ።»

እትዬ ማንን እንደቀጠረች ገና ያወቀች ይመስል ትክ ብላ አየችኝ።

«ከሰዓት ግን እንዳትዘገዪ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መጦሪያው ስደርስ እሱ በሩ ላይ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ልቤ ዘለለ፤ ቆንጥጬ መለስኩት።

«እንደምን አደሩ?» አልኩት።

ማንን እንደማናግር ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«አዎ፣ እርስዎን።»

«ሳላይሽ በሰነበትኩበት ይህን ያህል አረጀሁ?»

«ሰው ሲከበር ጥሩ ነው» አልኩና አልፌው ገባሁ። ሳፋው ተጠግኖ ቦታው ተቀምጧል። ዝምተኛዋን አስቀድሜ አጠብኩ። እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ከዚያ ቲቸርን ጀመርኩ።

አረፋው መሃል ሳለሁ ያቺ ሴት የተጠገነ ዊልቸር እየገፋች ገባች። እንግዲህ ሰው ነኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ።

«ባለቤትዎ ጓሮ ናቸው። ላስጠራልዎ?»

«ማን?»

«ባለቤትዎ።»

«የእኔ ባለቤት ሹፌር ነው፤ ሲነዳ አድሮ ቤት ተኝቷል። እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

እጄ የቲቸር ጭንቅላት ላይ ቆመ። «ያኔ እኮ... ሱቅ ስመጣ... ባለቤቱ እኔ ነኝ አሉኝ።»

«የሱቁ ነዋ! ሱቁ የእኔ ነው። እሱ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው።» ከዚያ ገባት። አፏን ከፍታ አየችኝ፣ በገፋችው ዊልቸር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ቱታውን አይታ! ኧረ የሱቁ ቱታ ነው፣ ሁላችንም እንለብሰዋለን።»

እኔ ኩም ብያለሁ። ቲቸር ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ከአረፋው ውስጥ ተናገሩ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው። ይህ ልጅ ካንቺ አጠገብ ላለመራቅ ደህናውን ዊልቸሬን ሲፈታ ሲገጥም ነው የከረመው። ይወዳታል ያላለ በዚህ ግቢ የለም። ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ቀና ስል እሱ በሩ ላይ ቆሟል። ስንቱን እንደሰማ ከጆሮው መቅላት ያስታውቃል።

«የጠፋሽው በዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ከዚያ ደግሞ ሚስት ያለኝ እየመሰለሽ ተመለስሽ?»

«ለእነሱ ነው የተመለስኩት።»

እጁን ቱታው ላይ ጠርጎ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«አላገባሁም» አለ። «ላገባት የምፈልጋት ሴት ግን አለች። እሷ...»

«ቆይ!» አልኩት። «የሰው ጭንቅላት ይዣለሁ።»

«እጠብቃለሁ።»

«በደንብ አለቅልቂኝ» አሉ ቲቸር። «የሚጠብቅ ሰው የትም አይሄድም።»

ሁሉም ሰው እያየኝ አለቀለቅኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ እጄ ግን አልቸኮለም። አንድ ጊዜ አለቀለቅኩ፣ ደገምኩ። ከጆሮአቸው ኋላ አደረቅኩ። ፀጉራቸውን ከፈልኩ፣ አበጠርኩ፣ መስታወት ሰጠኋቸው። ቲቸር ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ከዚያ ወደ እሱ ሄጄ በውሃ ብዛት የተጨማደደ፣ ሻምፖ ሻምፖ የሚሸት እጄን ዘረጋሁለት።

«ምንድን ነው?» አለኝ፣ እየያዘው።

«እጅ ሰጥቻለሁ።»

ዝምተኛዋ ከጥግ «እሰይ» አሉ።

ሠርጋችን መጦሪያው ግቢ ውስጥ ሆነ። ቲቸር በሽማግሌነት ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እማዬም እስኪያልቅ ድረስ አለቀሰች። ዛሬም ፎቶውን የሚያዩ ሰዎች ቀኑን ሲሰሙ ለምን እንደ ሰው ቅዳሜ እንዳልደገስን ይጠይቁናል። ቅዳሜ ሥራ አለን።