አንበሳ የነበረው

በፉስጣጥ ከተማ፣ ከዐምር መስጊድ በስተጀርባ፣ ቢፋም የሚባል የዝሆን ጥርስ ቀራጭ ነበረ። ለአሚሩ ቤት ሚዳቋ ወይም ጣዎስ ቀርጾ ለማስረከብ ሁለት ቀን ይበቃዋል። የሚወዳትን ቴክላን ለትዳር ከአባቷ ሊለምን ሲገባ የሚያበረክተውን አንበሳ ግን ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጀምሮ ፋሲካ ካለፈም በኋላ አልጨረሰውም።

ሐሙስ ቀን ቴክላ የሱቁን መጋረጃ ገልጣ ገባች።

«እስቲ አሳየኝ።»

መዳፉን ዘረጋላት። ጎንበስ ብላ አየች።

«ጥንቸል ነው» አለች።

«ጋማው አላማረኝም። እሱን ስቀንስ ትከሻው ገዘፈብኝ፤ ትከሻውን ስነካው ደግሞ…»

«በሆሳዕና ቀበሮ ነበረ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ጆሮው ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ እመጣለሁ።»

«ጆሮውን ስታስተካክል ባቄላ ይሆንልሃል። አባቴ እኔን ለጠየቃቸው ለቲኒስ ከተማው የበፍታ ነጋዴ በዳግማ ትንሣኤ መልስ ሊሰጡት ነው። የፊታችን እሑድ እኮ ነው፣ ቢፋም።»

«እንከን ያለበትን ነገር ይዤ እንዴት ከፊታቸው እቆማለሁ?»

«ለመሆኑ አባቴን የምትለምናቸው አንተ ነህ ወይስ ጥንቸሉ?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከፍቅር እርሷም አልለየችውም። መቅረጫ ቢላዋውን ከእጁ ወስዳ በመቀነቷ ሻጠችው።

«እሑድ ከቤታችን ትወስደዋለህ» ብላው ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢፋም በቴክላ አባት፣ በጧፍ ሠሪው በሽማግሌው መቃራ ፊት ቆመ። አባቷ ያችን ትንሽ ነገር ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አስጠጓት።

«ምንድን ነው ይህ፣ ልጄ?»

«አንበሳ ነበረ፣ አባቴ።»

«ታዲያ አንበሳውን ምን በላው?»

«ፍርሃቴ።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። «ሁለት ዓመት በዚህ በር ስትመላለስ እኔም ደክሞኛል። ነጋዴው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ቃልህን ደግሞ እየቀረጽህ እንዳታሳንስብኝ፤ ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ቴክላን።»

«እንግዲያው ነጋዴው ምሳውን በልቶ ይመለሳል» አሉ።

ቴክላ ጥንቸሉን በሐር ክር አድርጋ ዕድሜዋን ሙሉ ከአንገቷ አልለየችውም። ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ «አንበሳ ነው» ትላለች። ቢፋም በአጠገቧ ካለ «ጆሮው ብቻ ትንሽ ይቀረዋል» ይላል፤ ያን ጊዜ ዳግም እንዳይነካው በእጇ ትሸፍነዋለች።