ያልተወለደው አድማጭ

«ማንን ነው የማናግረው? ማንም የለም እኮ» አለ ዮአብ ሆስፒታሉ ውስጥ ፊቱ የተቀመጠለትን ማይክሮፎን እያየ።

«ወንድምህን። ወይም እህትህን» አለች እናቱ ዕፀገነት፣ የገፋ ሆዷን እየደባበሰች።

ነገሩ የመጣው ለእርግዝና ክትትል ከምትመጣበት ከዚሁ ሆስፒታል ነው። ዶክተር ንያምቡራ ያልተወለዱ ሕፃናት ድምፅ ሲሰሙ አንጎላቸው ምን እንደሚያደርግ በኤምአርአይ እያነሳች ታጠናለች። ለዚህም ከእናቱ ሌላ ሕፃኑ ቤት ውስጥ አዘውትሮ የሚሰማው ድምፅ ያስፈልጋታል። አባቱ ለሥራ ወደ አገር ቤት፣ አዲስ አበባ ሄዶ ስለከረመ ዕጣው ዮአብ ላይ ወደቀ።

ዮአብ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ እየተለወጠ ነው። ጎርነን ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ እንደ ጫጩት ሲጥ ይላል። ክፍል ውስጥ ከተሳቀበት ወዲህ መምህር ሲጠይቀው እንኳ ትከሻውን ነቅነቅ ማድረግ ይቀናዋል።

«ዳዲ በስልክ ያውራው።»

«አባትህ ከሄደ ቆየ። በየቀኑ የሚሰማው አንተን ነው።»

«ሳዋ፣ እሺ» አለ በመጨረሻ፤ ወደ ማይክሮፎኑም ጠጋ አለ። «ስማ፣ የታችኛው አልጋ ያንተ ነው። ሌሊት ካለቀስክ ግን ማሚ ጋ ትሄዳለህ። ማታቱ ታክሲ ስትሳፈር ደግሞ መስኮት—»

«መስኮት» ላይ ድምፁ ሲጥ አለ። ዕፀገነት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ሆዷም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ዮአብም እሷን አይቶ ሳቀ።

«ልድገመው?» ሲል መቅጃው አጠገብ የቆመችውን ዶክተር በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

«ለምን? ቤት የሚሰማው እንዲህ ስታወራ አይደል?»

ድምፁ ሲዲ ላይ ተቀዳ። ዕፀገነት ማሽኑ ውስጥ ስትገባ ማዳመጫ ሆዷ ላይ ታሰረ፤ ድምፁ አንዴ እየተከፈተ አንዴ እየተቋረጠ ምስሉ ተነሳ።

ውጤቱ ሳምንታት ወሰደ። ዶክተር ንያምቡራ ኮምፒውተሯ ላይ አንዲት ሎሚ የምታህል አንጎል አሳየቻቸው፤ በጆሮው በኩል ብርቱካንማ ነጥብ አለ።

«ድምፅህ ሲከፈት ይህ ቦታ ይሠራል፤ ስናቋርጠው ጋብ ይላል።»

«ስለዚህ አውቆኛል?»

«እሱን እንኳ ገና አላውቅም። ግን ሰምቶሃል።»

ዮአብ ጥርሱን መክደን አቃተው። እናቱ እጁን ያዘችው፤ አላስለቀቃትም።

«ሌላም ነገር ነበረኝ» አለች ዶክተሯ። «የሌሎች እናቶች ሕፃናት የማያውቁትን ድምፅ ሲሰሙ ምን እንደሚሆኑ ማወዳደር አለብን። ለነሱ አንተ እንግዳ ነህ። አንድ ተረት ታነብልናለህ? ተማሪዎቼም እዚሁ ሆነው ይቀዳሉ።»

በሩ አጠገብ የቆሙት ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ቀና ብለው አዩት። ዮአብ ወደ እናቱ ዞረ፤ እጁን ለቀቀችው።

ወንበሩን ሳበና ጉሮሮውን ጠረገ።