ከተበጠሰው የጎበሳ መስመር የሰማሁት

እናቴ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ፣ በጭጋግ ውስጥ ስም እየጠሩ ሰው ስለሚያሳስቱ ድምፆች ስታወራ ፊቴን አዙሬ የምስቅ ልጅ ነበርኩ፣ በኋላ አሰላ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ስቀጠር ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ምክንያቱም ድምፅ ማለት ለእኔ ሽቦና ባትሪ ነው፣ ሽቦ ካለ ይሰማል፣ ሽቦ ከሌለ አይሰማም፣ በቃ። ዛሬም ቢሆን ክታብ አንጠልጥዬ የምዞር ሴት እንዳልመስላችሁ። ግን በደርግ ጊዜ፣ በአንድ የክረምት ዓርብ ከሰዓት በኋላ የደረሰብኝን ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ባገላብጠው መልስ አላገኘሁለትም፣ ስለዚህ እንደሆነው እነግራችኋለሁ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ድርሰት ማውራት አለብኝ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ከተማሪነቴ ጀምሮ ደራሲ መሆን እመኝ ነበር። የስልክ ቤት ሥራ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ለተረት ፈጣሪ የተመቸ ሥራ ነው፣ አንዱን ከዴራ፣ አንዱን ከሁሩታ ታገናኙና ጸጥ ሲል ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁን ዓለም ታቦካላችሁ። በሐሳቤ የማወራቸው ታሪኮች ብቻዬን ያስቁኝ ነበር። ብዕር ሳነሳ ግን ክራቫት ያሰረ ሰው ውስጤ ይገባና ጉሮሮውን ጠራርጎ «አድማሱን የሰነጠቀው የንጋት ጮራ» ማለት ይጀምራል። ለምን እንደሆነ አውቀው ነበር፣ በአነጋገሬ አፍር ነበር። የአባቴ ወገኖች ድሮ ከሸዋ የመጡ ናቸው፣ እኔ ግን ያደግሁት ከኦሮሞ ልጆች ጋር ነው፣ በአማርኛ የጀመርኩትን ወሬ በኦሮምኛ እጨርሰዋለሁ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሠራተኞች ደግሞ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ፈገግ ይላሉ። እነሱ ባይኖሩም እንኳ ወረቀቱ ራሱ ፈገግ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

ጓድ መኮንን ከነዚያ ከመጡት አንዱ ነው፣ አስተማሪና የቀበሌያችን የባህል ኮሚቴ ኃላፊ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ስለ አሰላ ገበያ የጻፍኳትን ትንሽ ታሪክ አፍሬ አፍሬ ሰጠሁት፣ አንብቦ በትሕትና መለሰልኝና፣ «ጓድ ጥሩነሽ፣ ይሄ ወሬ ነው እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፣ ለሕዝቡ ከፍ ያለ ቋንቋ ነው የሚያስፈልገው» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ተቀበልኩት። ቆይቶ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በቀበሌው አዳራሽ ሲመረቁ የሚነበብ ታሪክ አዘጋጂ ሲለኝ፣ ከፍ ያለ ቋንቋ ፍለጋ ገባሁና ታጋይ ስለሚባል የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ጻፍኩ። ያኔ ፋብሪካ ደጃፍ እንኳ ቆሜ አላውቅም። መኮንን በጣም ወደደው፣ ማኅተም አስመትቶ አጸደቀው። እኔ ግን ታሪኩ በድን መሆኑ ገብቶኛል፣ በልቤም እሑድ ይሄን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ሁለተኛ ብዕር አላነሳም ብዬ ቆርጬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለማን ይነገራል?

ታዲያ በዚያ ዓርብ ከማለዳ ጀምሮ ይዘንባል፣ ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ከተማውን ስለዋጠው ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለው የባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም፣ መብራትም ጠፍቷል፣ የእኛ የስልክ ማገናኛ ሰሌዳ በባትሪ ስለሚሠራ ብቻ ይሠራል። ወደ ጎበሳ ከተማ የሚሄደው መስመር ከሌሊቱ ጀምሮ ተበጥሷል፣ የመስመር ሠራተኛችን ጋሽ ቱፋ በጠዋት ካፖርታቸውን ደርበው ሊጠግኑት ወጥተዋል። በዚያ ዝናብ ስልክ የሚደውል ስለሌለ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የታጋይን ታሪክ ለእሑድ ድምፄን ከፍ አድርጌ እለማመዳለሁ፣ «የመዶሻው ነጎድጓድ የጭቆናን ግንብ» ምናምን እያልኩ፣ እውነት ለመናገር እያዛጋሁ።

ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማገናኛ ሰሌዳው ላይ እያንዳንዱ መስመር ትንሽ የብረት ክዳን አለችው፣ ሰው ሲደውል ክዳኗ ጠብ ብላ ትወድቃለች፣ ያን ጊዜ ገመዱን ትሰካላችሁ። ቀና ስል የወደቀችው የጎበሳ ናት። ጋሽ ቱፋ ጎበዝ፣ በዚህ ዝናብ ጠገኑት አልኩና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ገመዱን ሰካሁ፣ «ሃሎ፣ አሰላ» አልኩ። የሚመልስ የለም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል፣ የእኛ ጣሪያ ነው ብዬ ማዳመጫውን ከፍ ዝቅ ባደርገው፣ አይደለም፣ ከዚያኛው በኩል ነው፣ የእኛ ዝናብ ካፊያ ሆኗል፣ የዚያኛው ዶፍ ነው። አንድ ሰው አሳለ። ከዚያ አንዲት ሴት ከመሃል የተጀመረ ወሬ ታወራ ጀመር።

ስለ አንድ ሙሽራ ነው የምታወራው። ሙሽራው ከሁሩታ ሚዜዎቹን አስከትሎ አሰላ ሊሞሸር ይመጣል፣ ጭጋግ ይወርዳል፣ «በዚያ ጭጋግ እንኳን ሙሽራ አህያም ቤቱን አይለይ» አለች፣ ድንኳን ያየበት ግቢ ዘው ይላል፣ ለካስ ድንኳኑ የሌላ ሙሽራ ነው። የሙሽሪት እናት እንግዶቹን በኦሮምኛ «ኮታ፣ ኮታ»፣ ኑ ግቡ እያለች ጎትታ አስገብታ ታስቀምጣለች፣ የመጣው የጠበቀችው አማች አለመሆኑን ብታውቅም፣ ይሄኛው መልከ መልካም ስለሆነና ጠጅ ሲሰጡት ተነስቶ ስለሚቀበል፣ ዝም ብላ ታበላዋለች። ከሴትየዋ ጀርባ ሰዎች ይስቃሉ፣ ብዙ ሰዎች፣ ዝናብ ለማምለጥ አንድ ቤት የተጠጉ ዓይነት። እኔም ማዳመጫዬን ይዤ ከት ከት ብዬ እስቃለሁ።

ሳቄ የቆመው ታሪኩን ሳውቀው ነው። የእኔ ነው። ሰሌዳው ፊት ተቀምጬ በሐሳቤ ያቦካሁት፣ አንድ ቃል ያልጻፍኩት፣ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩት የእኔ ታሪክ። ድምፁም፣ እመኑኝ፣ የእኔ ድምፅ ነው፣ ግን ቢሮ የምናገርበት አይደለም፣ ከእናቴ ጋር ጎመን ስንቀነጥስ የማወራበት ነው። ሰው የራሱን ድምፅ አያውቅም ይላሉ፣ እኔ የለየሁት በአንድ ጉድለቴ ነው፣ የሚያስቀው ቦታ ሳይደርስ ቀድሜ እስቃለሁ፣ እናቴ ሁልጊዜ የምትቆጣኝ ለዚህ ነው፣ እሷም ቀድማ ትስቃለች።

«ማን ልበል?» አልኩ።

ወሬው ቆመ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሴትየዋ አጠገቧ ላሉት ሰዎች፣ «ቆዩ፣ አሰላ መስመር ላይ ገብታለች» አለቻቸው፣ ወደ እኔ ዞር ያለች ያህል ቀረብ ብላ ደግሞ፣ «ስሚ እንጂ፣ ያንቺው ነው» አለችኝ።

ምን ላድርግ፣ ሰማሁ። ምን ብዬ ልተወው፣ እንደዚያ ሲወራ ሰምቼው አላውቅማ! ያ የማፍርበት አነጋገሬ፣ ያ አማርኛው ከኦሮምኛው የተጋጠመበት ወሬ፣ አፏ ውስጥ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ሰዎቹ እግዜር ይስጥሽ እያሉ ይስቃሉ። ፍርሃቱና ደስታው ተደባልቆብኝ አንዴ አለቅሳለሁ አንዴ እስቃለሁ። ታሪኩን እኔ እንኳ ወዳላሰብኩት መጨረሻ አደረሰችው፣ ትንፋሽ ወሰደችና ሌላ ልትጀምር «አንድ ሌላ ደግሞ አለ» ስትል፣ ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ሰዎቹም ጸጥ አሉ፣ ያን ጊዜ ፈርቼ ገመዱን ነቀልኩት። የጎበሳ ክዳን ማንም ሳይነካት እንደተንቀጠቀጠች ትንሽ ቆየች።

ጋሽ ቱፋ ከሥራ ልወጣ ስል በጭቃ ተለውሰው ገቡ። ደግ አደረጉ፣ ጎበሳን በጊዜ አገናኙልን አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ምሰሶዎቹ ወድቀው ውኃ ወስዷቸዋል አሉኝ፣ የተበጠሰውን ሽቦ ሰብስበው ጠቅልለው በትከሻቸው ሲያዞሩ ነው የዋሉት፣ አሁንም አንድ ገበሬ ቤት አስቀምጠውት ነው የመጡት፣ ጥገናው ገና ሰኞ ይጀመራል። «ልጄ፣ ራስሽን አሞሻል?» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ብርድ መቶኝ ነው ብዬ ወጣሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ?

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊደል የቆጠሩት እናቶችና አባቶች ነጭ ለብሰው፣ የምስክር ወረቀታቸውን በጉልበታቸው ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ቆሜ የታጋይን መዶሻ ማንበብ ጀመርኩ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ አልተነሱም፣ ግን ከፊት ረድፍ ያሉ አንዲት ባልቴት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው አዛጉ፣ ሲያዩኝ ደንግጠው ይቅርታ በሚመስል ፈገግታ አዩኝ። ልቤ የተሰበረው በፈገግታቸው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ለፍተው ማንበብ የተማሩት ለዚህ ነው? ወረቀቱን አጠፍኩት። ያን ጊዜ ማኅተም ካረፈበት ጽሑፍ መውጣት ቀልድ አልነበረም፣ መኮንን ከመድረኩ ጥግ ከወንበሩ ብድግ ሲል በጎን እያየሁት ነው፣ አፌ ግን ቀደመኝ።

«አንድ ሙሽራ ከሁሩታ ይመጣል» አልኩ፣ ጎመን እየቀነጠስኩ በምናገርበት ድምፅ።

የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! ሙሽራው በጭጋግ የሰው ድንኳን ሲገባ መሳቅ ጀመሩ፣ የሙሽሪት እናት «ኮታ፣ ኮታ» ስትል ግማሹ አዳራሽ አብሯት «ኮታ» አለ፣ እውነተኛው ሙሽራ ምግቡ ካለቀ በኋላ በጭቃ ተጨማልቆ ሲደርስ እኚያ ባልቴት እየሳቁ ከወንበራቸው ተንሸራተው ጎረቤታቸው ደገፏቸው። እኔም የሚያስቀው ቦታ ሳይደርስ ቀድሜ እስቃለሁ፣ ማን ይከለክለኛል? በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቅልል ብሎኝ አያውቅም። ስጨርስ ጭብጨባው ሳያልቅ መኮንን ወደ እኔ መጣ፣ ፊቱ እንደ ብረት ጠጥሯል፣ በቃ ሥራዬም ነገሬም እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ቆምኩ። ግራ ቀኙን አየና ጠጋ ብሎ፣ «ጓድ ጥሩነሽ፣ ያ ዘግይቶ የመጣው ሙሽራ ግን ምን በላ?» አለኝ። ይሄን ብሎ እሱም መቋቋም አቃተው፣ መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ ታሪክ ሲያስነግረኝ አንድ ቀን እንኳ ወረቀት አምጪ ብሎኝ አያውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እኔም ሕልም ነው ብዬ እረሳው ነበር። ግን ሰው ሲበተን አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ «ልጄ» ሲሉኝ ሳላያቸው አወቅኋቸው፣ ድምፃቸውን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፣ በጎበሳ የሕዝቡን ስልክ በሱቃቸው የሚጠብቁት ጋሽ ሁሴን ናቸው፣ መልካቸውን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አሰላ የምትኖረው እህታቸው ስለምትመረቅ ትናንት በጭነት መኪና እንደመጡ ነገሩኝና ገለቶሚ ብለው አመሰገኑኝ፣ ዓርብ ዕለትም ደስ አሰኝተሽን ነበር አሉኝ። ምኑን ብላቸው፣ መስመሩ መበጠሱን እያወቁ ስልኩ ሲጮህ አንስተው እኔን ሰሙኝ፣ ዝናብ ያስጠለላቸው ሰዎች ሱቁን ሞልተውት ስለነበር ሁሉም የስልኩን እጀታ ከበው የሙሽራውን ታሪክ እየሰሙ ሲስቁ ዋሉ፣ ዛሬም ከቃሉ አንድ አላጎደልሽም አሉኝ። እኔ ያን ዕለት ከሃሎና ከማን ልበል በላይ እንዳልተናገርኩ ልነግራቸው ስል፣ ያቺ ሁለተኛዋ ታሪክ ትዝ አለችኝ።

«ሌላም ጀምሬ ነበር?» አልኳቸው።

«አዎ፣ እሱንም እስከ መጨረሻው ነገርሽን» አሉ። ፈገግታቸው ጠፋ። «በእሱ ግን የሳቀ ሰው የለም።»

እባክዎ ይንገሩኝ፣ ስለ ምን ነበር ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። እንደሚያዝኑልኝ ዓይነት አዩኝ። እጄን ቀስ ብለው ከክንዳቸው አነሱና ሲደርስሽ ታወሪዋለሽ ብለውኝ እህታቸውን ይዘው ሄዱ፣ በኋላም በስልክ ስንገናኝ ያቺን ነገር ባነሳሁባቸው ቁጥር ሰላምታ ያበዙና መስመሩን ይዘጉታል፣ ሳይነግሩኝም ሞቱ።

እኔ ይኸው እስከ ዛሬ እጽፋለሁ፣ በገዛ አፌ፣ ክራቫት ያሰረው ሰውዬም ተመልሶ አልመጣም፣ ጠዋት ወረቀት ፊት ስቀመጥ ሠርግ ቤት እንደሚሄድ ሰው ደስ ይለኛል። አዲስ ታሪክ በውስጤ መወራት ሲጀምር ብቻ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ አዳምጣለሁ፣ ያቺ ሁለተኛዋ እንዳትሆን። እስካሁን የመጡት ሁሉም የሚያስቁ ናቸው።